እርሳሱ በየት ገባ? የ«ደም ማጽጃ» ገበያና የድሬዳዋ ቤቶች

ባለፈው ሰኔ አንዲት ጎረቤታችን ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጥታ ከዘንቢሏ «ደም ማጽጃ» የሚባል የታሸገ አረንጓዴ ዱቄት አወጣች። ባለቤቷ ሳቢያን አካባቢ የባጃጅና የመኪና ባትሪ ይጠግናል። ከወራት ወዲህ ራሱን ይከብደዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎታል፣ ድሮ ስቆ የሚያልፈው ነገር ያስቆጣዋል። ጨጓራ ነው ተብሎ መድኃኒት ወሰደ፤ አልሻለውም። ቀጥሎ ደም ግፊት ተገኘበት። በመጨረሻ የተፈጥሮ ሕክምና እሰጣለሁ የሚል ሰው ዘንድ ሄደ። ሰውየው «ሰውነትህ ውስጥ ከባድ ብረት ተጠራቅሟል» አለውና ዱቄቱን ለ21 ቀን በባዶ ሆዱ እንዲጠጣ ሰጠው።

«ወንድሜ፣ ከግፊቱ ክኒን ጋር ቢወስደው ምን ይላል? ሰውየው ሁለቱ አይስማሙም፣ ክኒኑን ይተወው ብሎናል» አለችኝ።

ክኒኑን በምንም ምክንያት እንዳያቋርጥ ነገርኳት። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ምክንያቱም ዱቄት ሻጩ ግማሹን ልክ ነበር። የሆድ ቁርጠት፣ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ብስጭት፣ የደም ግፊት፤ እነዚህ ሁሉ ዕድሜውን ሙሉ የባትሪ ሆድ ሲከፍት የኖረ ሰው ላይ ሲታዩ ከ«ከባድ ብረቶች» አንዱ የሆነው የእርሳስ፣ ማለትም የባትሪው ብረት፣ መመረዝ መጠርጠር አለበት። ይህን የጠረጠረው የመጀመሪያው ሰው ደግሞ ዱቄት ሻጩ ነው። ካያቸው የጤና ባለሙያዎች አንዳቸውም «ሥራህ ምንድን ነው?» ብለው አልጠየቁትም። እኔም የጨጓራ መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ ስሸጥለት አልጠየቅኩትም።

ድሬም ሆነ ሐረር የተፈጥሮ ሕክምና ገበያው የደራው ይህ ክፍተት ስላለ ይመስለኛል። ስኳር፣ ግፊት፣ ኩላሊት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው ጤና ተቋም ሲሄድ ክኒን ይሰጠዋል፤ ለምን እንደታመመ የሚነግረው ግን የለም። ሌላው ጋ ሲሄድ ቁጭ ተብሎ ይደመጣል፤ ስለ ምግቡ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ሐሳቡ ይጠየቃል፤ «ምንጩን እናገኘዋለን» ይባላል። ታማሚ ይህን ቢወድ አይፈረድበትም።

ናቹሮፓቲ የሚባለው የሕክምና መስመር መነሻው አውሮፓ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመኑ ቄስ ሰባስቲያን ክናይፕ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በዕፅዋት፣ በቀላል ምግብና በእንቅስቃሴ ሕሙማንን ያክሙ ነበር። ተከታያቸው ቤኔዲክት ላስት ሐሳቡን ወደ አሜሪካ ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ «ናቹሮፓቲ» በሚል ስም አስፋፋው። ኤረር ፍልውሃ ወርዶ ለተነከረ፣ ጠበል ለተጠመቀ፣ ዋግምት ወይም ሒጃማ ለተደረገለት የኛ አካባቢ ሰው ይህ አስተሳሰብ እንግዳ አይሆንበትም። ከመርሆዎቹ አንዱ «መንስኤውን ፈልግ፣ አስወግድ» ይላል። እኔ ይህን መርህ አልቃወምም። የከባድ ብረት መመረዝ ሲሆን እንዲያውም ከየትኛውም መድኃኒት የሚቀድመው እሱ ነው። የሚያናድደኝ በዚህ ስም የሚነግደው ሰው መርሁን ራሱን መጣሉ ነው። «ብረት አለብህ» ይላል፤ በየት እንደገባ ሳይጠይቅ ማስወጫ ይሸጣል። የጎረቤቴ ባለቤት ዱቄቱን ጠጥቶ ተመልሶ የሚቀመጠው እዚያው ባትሪው ፊት ነው።

እርሳስ ስል የተማሪ መጻፊያውን አይደለም። ቋንቋችን ሁለቱን በአንድ ስም ስለሚጠራ ልጆቻቸው እርሳስ ያኘኩባቸው እናቶች ደንግጠው ሲመጡ አይቻለሁ። መጻፊያው ውስጥ ያለው ግራፋይት፣ ማለትም የካርቦን ዓይነት ነው። የምንፈራው ብረቱን ነው። ሰውነት እርሳስን ከካልሲየም አይለየውም፤ ካልሲየም በሚያልፍበት በር ያስገባዋል፣ ካልሲየም በሚቀመጥበት አጥንት ውስጥ ያከማቸዋል። ደም ውስጥ ያለው እርሳስ በአንድ ወር አካባቢ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ አጥንት ውስጥ የገባው ግን ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። አጥንት ሲሳሳ፣ ሴት ስታረግዝና ስታጠባ ተመልሶ ወደ ደም ይወጣል። የደም ምርትን ያውካል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ከሁሉም በላይ የሕፃናትን አእምሮ ይነካል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም ሊባል የሚችል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ዩኒሴፍና ፒዩር ኧርዝ የሚባለው የአካባቢ ብክለት ላይ የሚሠራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ግምት በዓለም ላይ ካሉ ሕፃናት ከሦስቱ አንዱ፣ ወደ 800 ሚሊዮን የሚጠጉ፣ በአንድ ዴሲ ሊትር ደማቸው ውስጥ 5 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በላይ እርሳስ አለባቸው።

ታዲያ ወደ እኛ ቤት በየት ይገባል?

ከባትሪው ልጀምር። ድሬ የባጃጅ ከተማ ናት። የመኪና ባትሪ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው። ሲከፈት፣ ሳህኑ ሲፋቅ፣ እርሳሱ ቀልጦ የባትሪው ራስ (ገመዱ የሚታሰርበት ጫፍ) ሲሠራ አቧራና ጭስ ይነሳል። የኛ ሙቀት ደግሞ ሠራተኛውን ሸሚዙን አስወልቆ ነው የሚያሠራው። አቧራው ላብ ላይ ይጣበቃል፣ ጥፍር ሥር ይገባል። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ምን እንደሚሆን አስቡት። ጫት ሲቃም እጅ ከአፍ አይለይም፤ ቅጠሉ አንድ በአንድ ይቀጠፋል፣ በዚያው ጣት ይጎረሳል፣ ለሰዓታት። ስለ እርሳስና ስለ እጅ መታጠብ የተጻፉ መመሪያዎች ይህን አያውቁትም። እኛ ግን እናውቃለን፤ ለባትሪ ጠጋኝ መነገር ያለበት የመጀመሪያ ነገር ይመስለኛል። ማታ ደግሞ ያንኑ ልብስ ለብሶ ቤቱ ይገባል፤ ልጁ እግሩ ላይ ይጠመጠማል። በሞምባሳ አቅራቢያ ኦዊኖ ኡሁሩ የሚባለው ሠፈር ጎን አሮጌ ባትሪ የሚያቀልጥ ፋብሪካ ነበር፤ የተመረዙት የፋብሪካው ሠራተኞች ብቻ አልነበሩም፣ ነዋሪዎቹ ከነልጆቻቸው ነበሩ። የኬንያ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን ሽልንግ ካሳ እንዲከፈል ወስኗል።

ባትሪ የማይነካ ቤትም ቢሆን በሮች አሉት። ኩል አንዱ ነው። ከጥንት ጀምሮ ኩል የሚፈጨው በአብዛኛው የእርሳስ ማዕድን ከሆነው ድንጋይ ነው፤ በተለያዩ አገሮች ተመርምረው ከግማሽ በላይ እርሳስ የተገኘባቸው ኩሎች አሉ። አያቶቻችን የተኳሉት ነውና ውበቱን ማንቋሸሽ አልፈልግም፤ ነገር ግን የአራስ ልጅ ዓይን ላይ የሚቀባው ኩል ልጁ ዓይኑን በእጁ አሽቶ ወደ አፉ ሲወስደው ሆድ ይገባል። ቀለም ሌላው ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ በኪሎ ከ90 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ከዚያ በፊት የተቀባው አሮጌ የመስኮትና የበር ቀለም ግን አሁንም ግድግዳችን ላይ አለ፣ ሲፋቅ ይበናል። ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ የሚሠራው የአሉሚኒየም ድስትም ሊጠረጠር ይገባል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የካሜሩን ጥናት ከእንዲህ ዓይነት ድስቶች እርሳስ ወደ ምግብ እንደሚወጣ አሳይቷል፣ በተለይ እንደ ቲማቲም ያለ ጎምዛዛ ነገር ሲበሰልበት።

እርድንም ላንሳው፤ አልጫ ያለ እርድ ስለማይሠራ ብቻ ሳይሆን ተስፋ የሚሰጥ ታሪክ ስላለውም ጭምር ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ ነጋዴዎች የእርዱን ሥር ይበልጥ ቢጫ ለማድረግ ሊድ ክሮሜት በሚባል የኢንዱስትሪ ቀለም ያሹት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ከተመረመረው የገበያ እርድ 47 በመቶው እርሳስ ነበረበት። መንግሥት ገበያ ላይ ፍተሻ ጀመረ፣ ነጋዴዎችን ቀጣ፣ ሕዝቡን አስተማረ። በ2021 ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። አንድም ሰው «ማጽጃ» አልጠጣም፤ ምንጩ ተዘጋ።

ስለ ባዜቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ፣ አጭር ነገር ልበል። ታይዋንና አሸዋ በሚባሉት የድሬ ገበያዎች ላይ ስሙ በቅጡ ያልተጻፈበት የቆዳ ማቅያ ክሬም መግዛት ቀላል ነው። ሜርኩሪ ያለበት ክሬም ቆዳን ያቀላል፤ የቆዳን ቀለም የሚያመርተውን ሥራ ስለሚያግደው። በዚያው ቆዳ አልፎ ኩላሊት ይደርሳል። ናይሮቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 የታተመ ጥናት ፕሮቲን በሽንት የሚያስወጣ የኩላሊት ሕመም የያዛቸውን 60 አዋቂዎች ሲመረምር ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሜርኩሪ ያለበት ማቅያ ይቀቡ ነበር። ክሬሙን ትተው የዳኑም ነበሩ። ፊቷና እግሯ አብጦ የምትመጣ ወጣት ሴት ምን እንደምትቀባ መጠየቅ ከብዙ ምርመራ ይቀድማል። ጥያቄው ግን በአክብሮት ይሁን፤ ካፈረች አትናገርም።

ወደ ምርመራው ስመጣ ዝም ብዬ ማለፍ የማልችለው ነገር አለ። ሰዎች አንድ ዘንግ በእጃቸው እንዲጨብጡ ይደረግና ኮምፒውተር ላይ የጉበት፣ የኩላሊት፣ የቫይታሚን፣ የ«ከባድ ብረት» ዝርዝር ይወጣል። የጎረቤቴ ባለቤትም የተነገረው በዚህ ነው። ያ መሣሪያ ደም አልወሰደም፣ ሽንት አልወሰደም፤ ከእጅ መዳፍ ላይ እርሳስ ሊለካ አይችልም። የተናገረው እውነት ቢሆን እንኳ የሆነው በአጋጣሚ ነው። እርሳስ የሚለካው ከደም ሥር በተወሰደ ደም ነው፤ ለዚሁ በተዘጋጀ፣ ራሱ እርሳስ በሌለው ቱቦ። በየክሊኒኩ የሚገኝ ምርመራ አለመሆኑ ያሳዝናል፤ ችግሩን የሚያባብሰውም ይኸው ነው። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ደግሞ ሌላ ዓይነት ወረቀት ይልካሉ፦ መጀመሪያ ብረት የሚያስወጣ መድኃኒት ተሰጥቶ ከዚያ በኋላ የተለካ ሽንት። መድኃኒቱ ጤነኛ ሰው ላይም ቢሆን ብረት ስለሚያስወጣ ቁጥሩ ሁልጊዜ ከፍ ይላል። የአሜሪካ የሕክምና ቶክሲኮሎጂ ኮሌጅ ይህ አሠራር በሳይንስ እንዳልተረጋገጠ በይፋ ተናግሯል።

ብረት የሚያስወጣ እውነተኛ መድኃኒት አለ። ኬሌሽን ይባላል፤ ቃሉ የመጣው የሸርጣን ጥፍር ማለት ከሆነው የግሪክ ቃል ነው። መድኃኒቱ ብረቱን እንደዚያ ጥፍር ቆንጥጦ ይይዘውና በሽንት ይዞት ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም እርሳስ ጀምሮ ምንጩ ይፈለግ፣ ይወገድ ይላል፤ ለሕፃናት ኬሌሽን የሚመክረው 45 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ ላይ ዋናው ሕክምና ምንጩን መዝጋት ነው። ናይጄሪያ ዛምፋራ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 የሆነው ይህን ያስረዳል። የወርቅ ድንጋይ በየግቢው ሲፈጭ በድንጋዩ ውስጥ የነበረው እርሳስ መንደሩን አለበሰው፤ ከ400 በላይ ሕፃናት ሞቱ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ልጆቹን በኬሌሽን ሲያክሙ መንደሩ መጀመሪያ መጽዳት ነበረበት፤ የተበከለው አፈር ተጠርጎ ካልወጣ የታከመው ልጅ ተመልሶ ይመረዛልና።

መድኃኒቱ ራሱ ቀልድ አይደለም። ጥፍሩ እርሳስን ብቻ መርጦ አይይዝም፤ ዚንክና መዳብም ይጠርጋል። አንዱ ዓይነት፣ ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ፣ ካልሲየምን ከደም ያወርዳል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 ባለው ጊዜ በዚህ ምክንያት ሦስት ሰዎች ሞተዋል፤ አንዱ ለኦቲዝም ተብሎ የተሰጠው የ5 ዓመት ልጅ ነበር። ለልብ ሕመምም ተሞክሯል። 1,708 ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የደረሰባቸው ሰዎች የተካፈሉበት እ.ኤ.አ. የ2013 ጥናት በተለይ ስኳር ላለባቸው ተስፋ ያለው ይመስል ነበር። ጥናቱ ስኳር ባለባቸው ላይ ተደግሞ ውጤቱ በ2024 ሲወጣ ደማቸው ውስጥ ያለው እርሳስ በ61 በመቶ ቀንሷል፤ የልብ ሕመማቸው ግን ካልተሰጣቸው ሰዎች አልተሻለም። ብረቱን ከደም ማውጣት ብረቱ ያበላሸውን መጠገን አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ዕፅዋቱስ? እዚህ ላይ በጅምላ ማጣጣል ትክክል አይደለም። ነጭ ሽንኩርት በቁም ነገር ተፈትኗል፦ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ የኢራን ጥናት 117 የባትሪ ፋብሪካ ሠራተኞች ግማሾቹ ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሾቹ ዲ-ፔኒሲላሚን የሚባለውን መድኃኒት ለ4 ሳምንት ወሰዱ፤ የሁለቱም ወገን እርሳስ በተቀራራቢ መጠን ቀነሰ። መመረዛቸው ከቀላል እስከ መካከለኛ ነበር፤ ምንም ያልወሰደ ቡድን አልነበረምና ቅነሳው ምን ያህል የሽንኩርቱ እንደሆነ ለመናገር አይቻልም። የድንብላል ቅጠል በተቃራኒው ስሙ ከሥራው ይገናል፤ እዚያው ኢራን እርሳስ ያለባቸው ልጆች ላይ ሲሞከር ምንም ከሌለበት ሽሮፕ አልተሻለም።

ምግብ ግን ይሠራል፤ በሥርዓት፣ በዝግታ። ከምግብ የሚገኘው ብረት (አይረን) ያነሰው ልጅ እርሳስን ይበልጥ ወደ ሰውነቱ ይስባል፤ ካልሲየም ያነሰውም እንዲሁ። ባዶ ሆድ ከጠገበ ሆድ ብዙ እጥፍ እርሳስ ያስገባል። ስለዚህ ልጅን ጠዋት ሳያበሉ አለመስደድ፣ ጤፍ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ወተት፣ ከምግቡ ጋር ብርቱካን ወይም ሎሚ፤ ይህ የእናት ምክር የሚመስለው ነገር የጤና ባለሥልጣናትም ምክር ነው። ያ ዱቄት «በባዶ ሆድ» መታዘዙን አስታውሱ፤ ሰውየው ሳይቆርስ ወደ ባትሪው እንዲሄድ ነበር የታዘዘው።

ማጽጃው ራሱ ንጹሕ ስለመሆኑስ ማን መሰከረ? እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት በኢንተርኔት ከሚሸጡ 193 የአዩርቬዳ (የሕንድ ባህላዊ ሕክምና) መድኃኒቶች አንድ አምስተኛው ገደማ ላይ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሰኒክ አግኝቷል። ቤልጅየም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለማቅጠኛ የተሰጠ የቻይና ዕፅ በሌላ ተመሳሳይ ዕፅ ተተክቶ ከመቶ በላይ ሰዎችን፣ በአብዛኛው ሴቶችን፣ ኩላሊት አሳጥቷል። ቀፊራ ገበያ ላይ ቅጠሉን ከነሥሩ አስቀምጠው የሚሸጡት እናቶች ይሻላሉ፤ ቢያንስ ምን እንደምንገዛ እናያለን። የታሸገው ዱቄት ላይ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ የምዝገባ ቁጥር፣ አምራች፣ የይዘት ዝርዝር የለም። እርሳስም ቢሆን ተፈጥሯዊ ነው።

ሐረር ጀጎል ውስጥ የምትኖር አክስት አለችኝ። ስኳር ካለባት አሥር ዓመት አልፏል። አንድ ወቅት «መድኃኒቱ ኬሚካል ነው፣ ጉበትሽን ጨረሰው» ተብላ የስኳር ክኒኗን ሜትፎርሚንን ትታ ሽፈራውና ጥቁር አዝሙድ ብቻ መውሰድ ጀመረች። ለማንም አልነገረችም፤ እኔ መድኃኒት ቤት የምሠራ ስለሆንኩ ከእኔም ደበቀች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ያወቅነው እግሯ ላይ የማይድን ቁስል ወጥቶ ስኳሯ ከ400 በላይ ሲነበብ ነው። ሽፈራው ስኳር በመጠኑ ሊቀንስ እንደሚችል የሚጠቁሙ ትንንሽ ጥናቶች አሉ፤ የሜትፎርሚንን ቦታ የሚተካ ግን አይደለም። የሚቆጨኝ ሜትፎርሚን ራሱ ከቅጠል የተነሣ መሆኑን ቀደም ብዬ አለመንገሬ ነው። ጋሌጋ የሚባል ዕፅ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በአውሮፓ ባህላዊ ሕክምና ይታወቅ ነበር፤ ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ስኳር ያወርዳል፣ ግን መርዛማ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን እ.ኤ.አ. በ1957 ሰው ላይ ያዋለው ሜትፎርሚን የዚያ ዕፅ ዘመድ ነው፤ መርዙ ተቀንሶ፣ መጠኑ ተለክቶ። አክስቴ ይህን ስነግራት ረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ «ታዲያ ይኼን ለምን ቀድመው አይነግሩንም፣ ልጄ?» አለችኝ። አሁን ሁለቱንም ትወስዳለች፤ ሐኪሟም ያውቃል፤ የምትወስደውን ሁሉ ደብተር ላይ ትጽፋለች።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የባህል መድኃኒትንም በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር አስገብቷል። ሕግ አለ ማለት ነው። ከከተማችን የምጠብቀው ከዚህ ቀላል ነው፦ ገበያ ላይ ያለው ኩል፣ እርድና ክሬም በናሙና ይመርመር፤ ባትሪ ቤቶች ከመኖሪያ ግቢ ይውጡ፤ ግፊትና የደም ማነስ ይዞ የመጣ ሰው ካርዱ ላይ ሥራው ይጻፍ። ይህን ለማድረግ ትልቅ ሆስፒታል መሥራት አያስፈልግም።

ጎረቤቴ በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። የነገርኳትን አድርገዋል፤ ዱቄቱን ጥለዋል፣ የግፊት ክኒኑን ቀጥሏል። ሱቁ ደጃፍ ላይ ቧንቧ ያለው ጀሪካንና ሳሙና ሰቅለዋል፤ የሥራ ልብሱን እዚያው ያወልቃል፣ ለብቻው ይታጠባል፤ ሳይታጠብ ጫት አይነካም፤ እርሳስ ማቅለጡን ትቶ ሥራውን ለሌላ እየሰጠ ነው፣ ገቢው ቀንሷል። ደሙ ተወስዶ ወደ አዲስ አበባ ተልኳል። የሁለት ዓመት ልጃቸውም አብራ ተወስዶላታል፤ እናትየዋ ስለ ባሏ አልጠየቀችኝም፣ «የእሷ መቼ ይደርሳል?» ነው ያለችኝ። ውጤቱ እስካሁን አልመጣም።